የ1898ቱ የላንጋኖ የመሬት መንቀጥቀጥና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጤና ዝግጅት

መግቢያ

ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1906) ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ፣ ላንጋኖ አጠገብ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። መጠኑ በኋላ ዘመን በተደረጉ ስሌቶች ከ6.5 በላይ ሆኖ የተገመተ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በመሣሪያ ከተመዘገቡት ታላላቅ መንቀጥቀጦች አንዱ ነው። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ በኃይል ተሰምቶ ሕዝቡን አሸብሯል። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ኃይል ያለው መንቀጥቀጥ በሌሎች አገሮች ካደረሰው እልቂት ጋር የሚነጻጸር የሰው ሞት አላስከተለም።

ይህ እውነታ ለአዳማ፣ ለሞጆ፣ ለመተሐራ፣ ለባቱ፣ ለሻሸመኔና በዚያው መሥመር ላይ ለሚገኙ ከተሞች የጤና ባለሙያዎች ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሣል። በ1898 ጉዳቱ ያነሰው ለምንድን ነው? ያው መንቀጥቀጥ ዛሬ ቢደገም ወደ ሆስፒታልና ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ታማሚ ምን ዓይነት ጉዳት ይዞ ይመጣል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በአጭሩ ማብራራትና ከመልሱ የሚገኘውን ተግባራዊ ትምህርት ማቅረብ ነው።

የመንቀጥቀጡ መነሻ

የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የምድር ቅርፊት ቀስ በቀስ የሚሰነጠቅበት ቦታ ነው። ከሸለቆው በስተምዕራብ ያለው የአፍሪካ ቅርፊትና በስተምሥራቅ ያለው የሶማሊያ ቅርፊት በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ይህ እንቅስቃሴ ለዓይን ባይታይም ዓለቱን ያለማቋረጥ ይወጥረዋል። ውጥረቱ ዓለቱ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሲሆን ዓለቱ በስንጥቁ ላይ በድንገት ይንሸራተታል፤ የተጠራቀመውም ኃይል በንዝረት መልክ ይለቀቃል። ከሐይቆቹ አካባቢ አንሥቶ በወንጂና በአዳማ በኩል እስከ ፈንታሌ የሚዘልቀው የስንጥቆች መቀነት በሥነ ምድር ባለሙያዎች ዘንድ የወንጂ የስንጥቅ ቀበቶ ተብሎ ይታወቃል። አሉቶ፣ ቦሰትና ፈንታሌ የተባሉት የእሳተ ገሞራ ተራሮች፣ እንዲሁም በየሥፍራው የሚፈልቁት ፍል ውኃዎች የዚሁ ሂደት ምልክቶች ናቸው።

በመጠን መለኪያው የአንድ ቁጥር ልዩነት በሚለቀቀው ኃይል ረገድ ወደ 32 እጥፍ ይደርሳል። በግማሽ ቁጥር የሚበልጥ መንቀጥቀጥ እንኳ ከአምስት እጥፍ በላይ ኃይል ይለቃል። ስለዚህ በቅርብ ዓመታት በመተሐራና በአዋሽ አካባቢ የተሰማው ንዝረት ከ1898ቱ ጋር ሲመዛዘን በጉልህ ያነሰ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል።

በ1898 ጉዳቱ ለምን አነሰ?

የመሬት መንቀጥቀጥ ብቻውን ሰውን የሚገድልበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው የሚወድቀው ቤት ነው። በ1898 በላንጋኖ ዙሪያ ሰፊ ከተማ አልነበረም። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከሐዲዱ ጋር ያደገችው አዳማ ገና ከተማ አልሆነችም ነበር። በአካባቢው የሚኖረው አርሶ አደርና አርብቶ አደር መኖሪያው የእንጨት ማገር ያለውና ጣራው ሣር የሆነ ጎጆ ነበር። እንዲህ ያለው ቤት ሲናጥ ይወዛወዛል፣ ጭቃው ይረግፋል፣ ምናልባትም ይጋደማል እንጂ በሰው ላይ በቶን የሚቆጠር ክብደት አይጥልም።

ከላንጋኖው ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1906፣ በቺሊ የምትገኘው የቫልፓራይሶ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ሳን ፍራንሲስኮ በመንቀጥቀጥና ተከትሎ በተነሣው እሳት ወድማለች። እነዚህ ሁለቱ በኃይላቸው ከላንጋኖው የሚበልጡ ስለ ነበሩ ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም። ይበልጥ የሚያስተምረው ከአህጉራችን የተገኘው ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1960 በሞሮኮ የአጋዲርን ከተማ የመታው መንቀጥቀጥ መጠኑ ከ6 በታች ነበር። ሆኖም ከከተማዋ ሥር፣ ከመሬት ገጽ ብዙም ሳይርቅ በመነሣቱና ቤቶቹም ከደካማ ግንብ የተሠሩ በመሆናቸው ከ12,000 ያላነሱ ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1988 አርሜንያን የመታው፣ መጠኑ 6.8 የሆነው መንቀጥቀጥ ደግሞ ወደ 25,000 የሚጠጉ ሰዎችን ገድሏል። በዚያ በርካታ ሆስፒታሎች ከነባለሙያዎቻቸው ፈርሰዋል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች እንደምንረዳው የአደጋውን ክብደት የሚወስነው የመንቀጥቀጡ መጠን ብቻ አይደለም። ርቀቱ፣ ጥልቀቱ፣ የመሬቱ ዓይነትና የቤቱ አሠራር በአንድነት ይወስኑታል። ለስላሳ የሐይቅ ደለል ላይ የተሠራ ከተማ በጽኑ ዓለት ላይ ከተሠራው ይልቅ በኃይል ይናጣል። ይህም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ ለሚገኙ ከተሞች የሚታሰብበት ጉዳይ ነው።

ከ1898 ወዲህ

በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ በካራ ቆሬም ወደ ግማሽ የሚጠጉት ቤቶች ወድቀዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ያለ መጠለያ ቀርተዋል። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአሰብ መንገድ ላይ የምትገኘው ሰርዶ ፈርሳ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የአገሪቱን የመንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ ያሳተሙት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን የመሠረቱት ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዋን ናቸው። የ1898ቱም መንቀጥቀጥ መታወሱ በአብዛኛው የእርሳቸው ድካም ፍሬ ነው።

በቅርቡ የታየው ደግሞ በመስከረም 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ የጀመረውና ለወራት የዘለቀው ተከታታይ መንቀጥቀጥ ነው። ከምድር በታች ከሚንቀሳቀስ ቅልጥ ዓለት ጋር የተያያዘው ይህ ክስተት ቤቶችን ሰነጣጥቋል፣ መንገዶችን ቀዷል፤ በአፋር፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችንም ከቀያቸው አፈናቅሏል። ከሁሉም የበረታው የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት የተሰማው ሲሆን መጠኑ 6.0 ነበር። የሞት አደጋው ዝቅተኛ መሆኑ እፎይታን የሰጠ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ዋናው ንዝረት የተነሣበት ሥፍራ ሕዝብ ያልተጨናነቀበት ቆላ እንደ ነበርና ብዙዎቹም ነዋሪዎች አስቀድመው እንደ ወጡ መዘንጋት የለበትም። ከአዳማ ሥር ቢነሣ ውጤቱ ይኸው ይሆን ነበር ብሎ መደምደም አይቻልም።

አዳማ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ብቻ ከ220,000 በላይ ነዋሪ ነበራት። የጭቃ ቤቱ በብሎኬት፣ አንድ ፎቁ በአምስትና በስድስት ፎቅ እየተተካ ሄዷል። አገሪቱ መንቀጥቀጥን ግምት ውስጥ ያስገባ የሕንፃ ደንብ ካወጣች ቆይታለች። ነገር ግን በአግባቡ ያልታሰረ ብረት፣ ሲሚንቶ ያነሰው ኮንክሪትና ግድግዳ የሌለው የምድር ቤት ሱቅ በወረቀት ላይ ያለውን ደንብ ከንቱ ያደርጉታል። የመንቀጥቀጡ ምንጭ የሆነው መሬት ከ1898 ወዲህ አልተለወጠም፤ በላዩ የቆመው ቤት ግን ተለውጧል። የጉዳቱም ዓይነት አብሮ ይለወጣል።

ሊጠበቅ የሚገባው ጉዳት

በግንብ ከተማ መንቀጥቀጥ ሲደርስ ጉዳቱ በሦስት ማዕበል ይመጣል። የመጀመሪያው በደቂቃዎች ውስጥ የሚከሰት ሞት ነው። መንሥኤውም የራስ ቅልና የደረት ከባድ ጉዳት፣ የውስጥ ደም መፍሰስ፣ በአቧራና በፍርስራሽ መታፈን ነው። ሁለተኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወደ ጤና ተቋም የሚጎርፈው ቁስለኛ ነው። በዚህ ጊዜ በብዛት የሚታየው የእግርና የእጅ አጥንት ስብራት፣ ክፍት ቁስል፣ የአከርካሪና የዳሌ ጉዳት እንዲሁም ከከሰል ምድጃና ከጋዝ ሲሊንደር የሚነሣ ቃጠሎ ነው። ከፎቅ በመዝለልና በደረጃ ላይ በመረጋገጥ የሚደርሰው ጉዳትም ቀላል አይደለም። ሦስተኛው በሰዓታትና በቀናት ውስጥ የሚገለጠው የመመርቀዝ፣ የቴታነስና የኩላሊት ሥራ ማቆም ችግር ነው።

በሕይወት ከሚወጡት መካከል አብዛኞቹ የሚወጡት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ሲሆን፣ የሚያወጧቸውም ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ከሩቅ የሚላክ የነፍስ አድን ቡድን ሲደርስ ዋናው ጊዜ አልፏል። ስለዚህ የቀበሌው ወጣት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የጤና ጣቢያው ነርስ የሕክምናው ሰንሰለት የመጀመሪያ ቀለበት መሆናቸው ታውቆ አስቀድመው መሠልጠን ይኖርባቸዋል።

ቁስለኛው ከአቅም በላይ በሆነ ጊዜ የመለየት ሥራ (ትሪያጅ) በአንድ ልምድ ባለው ባለሙያ ኃላፊነት በተቋሙ በር ላይ ይከናወናል። ቀይ አፋጣኝ ርዳታ ለሚያሻው፣ ቢጫ ሊቆይ ለሚችል፣ አረንጓዴ በእግሩ ለሚሄድ፣ ጥቁር ለሞተ ወይም ሊተርፍ ለማይችል ይሰጣል። ታማሚው ሁኔታው ሊለወጥ ስለሚችል ልየታው ይደጋገማል።

ክፍት ቁስልን በመጀመሪያው ቀን መስፋት የተለመደ ስሕተት ነው። በአቧራና በአፈር የተበከለ ቁስል በብዙ ንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ የሞተው ሥጋ ተወግዶ፣ ክፍቱን ይቆያል፤ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይሰፋል። የቴታነስ ክትባት ለሁሉም ቁስለኛ ሊታሰብ ይገባል። በአገራችን ለዓመታት ክትባቱ በዋናነት በወሊድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች ሲሰጥ ስለ ቆየ ጎልማሳ ወንዶች በቂ መከላከያ እንዳላቸው አድርጎ መገመት አይቻልም። ቁስሉ የቆሸሸና ክትባቱ ያልተሟላ ከሆነ ፀረ ቴታነስ መድኃኒት ይጨመራል።

የመጨፍለቅ ሕመም (ክራሽ ሲንድረም)

ይህ ሕመም የተለየ ትኩረት የሚያሻው ታማሚው ከፍርስራሹ ሥር ሲናገር ቆይቶ ከወጣ በኋላ በድንገት ሊሞት ስለሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 የለንደን ሐኪሞች በቦምብ ከፈረሱ ቤቶች የወጡ ሰዎችን ሁኔታ በዝርዝር ከገለጹ ወዲህ በሕክምናው ዓለም በደንብ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 በቱርክ ማርማራ በደረሰው መንቀጥቀጥ 639 ሰዎች የኩላሊት ችግር እንዳጋጠማቸውና ከእነርሱም 477ቱ የኩላሊት እጥበት እንዳስፈለጋቸው ተመዝግቧል።

የሕመሙ አመጣጥ እንዲህ ነው። እግር ወይም ክንድ በክብደት ሥር ለሰዓታት ሲቆይ የጡንቻ ሕዋሳት ይሞታሉ። ክብደቱ ሲነሣ ደም ወደ ተጎዳው አካል ተመልሶ ሲፈስ ከሞቱት ሕዋሳት የወጣው ፖታሲየም፣ አሲድና ማዮግሎቢን ወደ መላ ሰውነት ይሠራጫል። ፖታሲየሙ ልብን ያቆማል። በሌላ በኩል ብዙ ፈሳሽ ወደ ተጎዳው ጡንቻ ስለሚገባ የደም ግፊት ይወርዳል። ማዮግሎቢኑም በደረቀ ሰውነት ውስጥ የኩላሊትን ቱቦ ይዘጋል። ሽንቱ እንደ ሻይ መጥቆር የዚህ ምልክት ነው።

ሕክምናው የሚጀምረው ፍርስራሹ ከመነሣቱ በፊት ነው። ነፃ በሆነ ክንድ ላይ መርፌ ተተክሎ ኖርማል ሳላይን ለአዋቂ በሰዓት 1 ሊትር፣ ለሕፃን በየኪሎው በሰዓት ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። የማውጣቱ ሥራ ከሁለት ሰዓት በላይ ከወሰደ ለአዋቂው በሰዓት ከግማሽ ሊትር እንዳይበልጥ ይቀነሳል። ሪንገር ላክቴት ፖታሲየም ስላለው አይመረጥም። ለአረጋውያንና ለልብ ሕመምተኞች መጠኑ በጥንቃቄ ይወሰናል። ከወጣ በኋላ የሽንት ቱቦ ገብቶ የሽንቱ መጠን በየሰዓቱ ይለካል፤ ለአዋቂ በሰዓት ከ50 ሚሊ ሊትር በላይ እንዲሆን ይፈለጋል። በቂ ፈሳሽ ተሰጥቶ ሽንት ካልመጣ ፈሳሹን ማብዛት ሳንባን ያጥለቀልቃልና መገደብ ያሻል።

ላቦራቶሪ በማይሠራበት ሰዓት ኢ.ሲ.ጂ. የፖታሲየምን መብዛት ያሳያል። የቲ ሞገድ መሾልና የኪው.አር.ኤስ. መስፋት አደጋውን ያመለክታሉ። በዚህ ጊዜ 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት 10 ሚሊ ሊትር በዝግታ በደም ሥር ይሰጣል፤ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋርና በጭስ መልክ የሚሰጥ ሳልቡታሞል ይከተላሉ። እነዚህ ጊዜ ይገዛሉ እንጂ ፖታሲየሙን ከሰውነት አያስወጡም። ስለዚህ ሽንት የማይሸና ታማሚ የኩላሊት እጥበት ወዳለበት ተቋም በቶሎ መላክ ይኖርበታል።

በእንዲህ ያለው ታማሚ ላይ በየዕለቱ የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች ጉዳት ያመጣሉ። ዲክሎፌናክና መሰሎቹ፣ እንዲሁም ጄንታማይሲን ኩላሊትን ስለሚጎዱ በሌላ መተካት አለባቸው። በማደንዘዣ ጊዜ ሰክሳሜቶኒየም ፖታሲየምን ስለሚጨምር ይወገዳል። ከመጠን ያለፈ ሕመም፣ በተለይም ጣትን ወይም መገጣጠሚያን ባለሙያው ሲዘረጋው የሚብስ ሕመም፣ በጡንቻው ክፍል ውስጥ ግፊት መጨመሩን ያመለክታል። ቢሆንም ፋሽዮቶሚ ለሁሉም የሚሠራ ቀዶ ሕክምና አይደለም። ክፍት ቁስሉ ለመመርቀዝ በር ስለሚከፍት ግልጽ ምክንያት ሲኖር ብቻ ይከናወናል።

የጤና ተቋሙ ራሱ

ከአርሜንያው አደጋ የተገኘው መራራ ትምህርት አካሚው ራሱ ተጎጂ ሊሆን እንደሚችል ነው። ሕንፃውን ማጠናከር የመሐንዲስና የበጀት ጉዳይ ነው፤ ብዙው ጉዳት ግን በአነስተኛ ወጪ ሊቀር ይችላል። የኦክስጅን ሲሊንደሮች በሰንሰለት ከግድግዳ ጋር ይታሰሩ። የመድኃኒትና የካርድ ክፍል መደርደሪያዎች በብሎን ይያያዙ፤ ከባዱ ዕቃ ከታች ይቀመጥ። የላቦራቶሪ አሲዶች በሚዘጋ ሳጥን ይቀመጡ። ጣራ ላይ የተሰቀለ የውኃ ሮቶ ወደ መሬት ቢወርድ ይመረጣል። የመውጫ በሮች አይቆለፉ፣ ኮሪደሮችም በአሮጌ አልጋ አይዘጉ። በፎቅ ላይ ያሉ የማዋለጃ፣ የጨቅላ ሕፃናትና የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በማንና በየት በኩል እንደሚወጡ በስም ተለይቶ ይታወቅ፤ በዓመት አንድ ጊዜም ልምምድ ይደረግ።

ንዝረቱ ባለበት ቅጽበት በፎቅ ላይ ያለ ሰው ወደ ደረጃ ከመሮጥ ይልቅ ራሱን ሸፍኖ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ቢቆይ ይሻላል። በምድር ቤት፣ በበር አጠገብ ያለ ሰው ከሕንፃውና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ርቆ ወደ ሜዳ ይውጣ። የተሰነጠቀ ሕንፃ በተከታይ ንዝረት ሊወድቅ ስለሚችል ባለሙያ ሳያየው ታማሚ አይመለስበትም። ለዚህም ድንኳን፣ ጄነሬተር፣ ለጥቂት ቀናት የሚበቃ ውኃና ሳላይን በግቢው ውስጥ ተዘጋጅቶ መቆየት ይገባዋል። የአዲስ አበባ፣ የአዳማና የአዋሽ መንገድ ቢቆረጥ ታማሚ መላክም ሆነ መድኃኒት መቀበል እንደሚያዳግት ታሳቢ መደረግ አለበት።

ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ

በ2017 ዓ.ም. እንደታየው፣ ሟች ባይበዛም ተፈናቃዩ ይበዛል። በመጠለያ ጣቢያ ዋነኞቹ ጠላቶች ኩፍኝ፣ ኮሌራና ወባ ናቸው። ከ6 ወር እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች የኩፍኝ ክትባት፣ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ በቂ መጸዳጃ ቤትና አጎበር መቅደም ያለባቸው ናቸው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከፍተኛ ፍሎራይድ ስላላቸው፣ ጣቢያው ለዓመታት የሚዘልቅ ከሆነ የልጆች ጥርስና አጥንት እንዳይጎዳ የውኃው ምንጭ መመርመር ይኖርበታል።

የፀረ ኤች.አይ.ቪ.፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን ቤታቸው ጥለው ይወጣሉ። ካርዳቸው ባይኖርም የሚስተናገዱበት ሥርዓት ከወዲሁ ይታሰብ። ለወራት በየሌሊቱ መሬት የሚናጥበት ሕዝብ እንቅልፍ ማጣቱና መፍራቱ ተፈጥሯዊ ነው። ትክክለኛ መረጃ፣ ቤተሰብን አለመለያየትና የለቅሶና የጸሎት ሥርዓት መጠበቅ ከማስታገሻ ክኒን ይልቅ ይረዳሉ። ሕመሙ ለሳምንታት ከቆየና ሥራን ከከለከለ ግን ሕክምና ያሻዋል።

ማጠቃለያ

የመሬት መንቀጥቀጥ መቼ እንደሚደርስ አስቀድሞ መናገር የሚችል ሳይንስ የለም። የት ሊደርስ እንደሚችል ግን ይታወቃል፤ የስምጥ ሸለቆ ከተሞችም በዚያው ላይ ናቸው። በ1898 የአካባቢውን ሕዝብ ያዳነው ሕክምና አልነበረም። የአገሪቱ የመጀመሪያው የመንግሥት ሆስፒታል ዳግማዊ ምኒልክ እንኳ የተከፈተው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያዳነው የሣር ጎጆውና የሕዝቡ ተራርቆ መስፈር ነበር። ሁለቱም ዛሬ በከተሞቹ የሉም። በእነርሱ ምትክ የሚቆመው በደንቡ የተሠራ ሕንፃ፣ በሰንሰለት የታሰረ የኦክስጅን ሲሊንደር፣ በግቢው የተከማቸ ሳላይንና ከፍርስራሹ አጠገብ ተንበርክኮ ክብደቱ ከመነሣቱ በፊት መርፌ የሚተክል ባለሙያ ነው።